የኮሮና ወረርሽኝ የገበሬ ድጎማ፦ ለማን ደረሰ፣ ማንን አለፈ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ሱ ካውንቲ ውስጥ ነው። በአሳማ ብዛት ከግዛቱ ቀዳሚ ካውንቲዎች አንዱ ነው። የገበሬዎችን ታክስ ስለምሠራ የዚያን ጊዜ ወረቀቶች በእጄ አልፈዋል። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መንግሥት ስንት መደበ?

መልስ፦ የግብርና ሚኒስቴሩ በኤፕሪል 2020 የ19 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አወጀ። 16 ቢሊዮኑ በቀጥታ ለአምራቹ ነው። 3 ቢሊዮኑ ደግሞ ምግብ ተገዝቶ ለችግረኛ እንዲታደል ነው። በሴፕቴምበር እስከ 14 ቢሊዮን የሚደርስ ሁለተኛ ዙር መጣ።

ጥያቄ፦ ለአንድ አሳማ ስንት ይከፈል ነበር?

መልስ፦ እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ፣ 120 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሚመዝን 18 ዶላር፣ ከዚያ በታች ላለው 28 ዶላር። ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 በረት ውስጥ ለነበረ ግን 17 ዶላር። በጎረቤት ግዛት በሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ በሚባለው ከተማ ያለው ትልቅ የአሳማ ቄራ የተዘጋው በኤፕሪል አጋማሽ መሆኑን አስታውሱ። ገበሬው የደለበ አሳማውን የሚወስድበት ያጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑ ሲከፋ ክፍያው አነሰ! ምክንያቱ ገንዘቡ ከሁለት ካዝና መውጣቱ ነው። ኮንግረስ ያጸደቀው እስከ ኤፕሪል 15 ለደረሰ ኪሳራ ዋለ፤ ለቀጣዩ ሚኒስቴሩ ከሌላ ፈንድ ከፈለ። ለሂሳብ ሰው ይገባው ይሆናል። ለገበሬው ግን ፍትሕ አልነበረም። በሁለተኛው ዙር 23 ዶላር ሆነ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የአሳማ ቤት አለው፤ አሳማዎቹ ግን የኩባንያ ናቸው። ለምን አልተከፈለውም?

መልስ፦ ክፍያው የእንስሳውን ባለቤት ተከትሎ ስለሄደ ነው። ዋጋ ሲወድቅ የሚከስረው ባለቤቱ ነው ተባለ። ኩባንያው አሳማ ካላስገባ ግን ቤቱ ባዶውን ይቆማል፤ የባንክ ዕዳው አይቆምም። ኮንግረስ ይህን ያየው በዲሴምበር 2020 ነው፤ እንደ ወንድምህ የኩባንያ እንስሳ በውል ለሚያረቡ እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከ2019 ጋር ተነጻጽሮ ከጠፋው ገቢ እስከ 80 በመቶ ይከፈል ነበር። ማመልከቻው ኦክቶበር 12፣ 2021 ተዘግቷል።

ጥያቄ፦ ቄራ ውስጥ ቢላ ይዘን የቆምነውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዚህ ገንዘብ ለሠራተኛ አንድ ሳንቲም አልነበረም። ሱ ፎልስ ባለው በዚያ ቄራ 3,700 ያህል ሰው ይሠራ ነበር። የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያ የሚነገሩትን ዋና ዋና ቋንቋዎች ሲዘረዝር አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ኦሮምኛንና ኩናማን በስም ጠርቷል። የኛ ሰው እዚያ መኖሩን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለእርሻና ለስጋ ፋብሪካ ሠራተኞች የአንድ ጊዜ 600 ዶላር የተሰጠው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ያከፋፈሉትም በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው፣ አሠሪው አይደለም። ወሬው ያልደረሰው ሰው ገንዘቡም አይደርሰውም።

ጥያቄ፦ ለገበሬው የተከፈለው ገንዘብ ታክስ አለበት?

መልስ፦ አዎ፣ እንደ ማንኛውም የእርሻ ገቢ።

ጥያቄ፦ የገበሬው ክፍያ ጣሪያ ነበረው?

መልስ፦ በየዙሩ ለአንድ ሰው 250,000 ዶላር። በእርሻው የሚሠሩ ሦስት ባለድርሻዎች ያሉት ኩባንያ እስከ 750,000 ማግኘት ይችል ነበር።

ጥያቄ፦ መሬት ተከራይቼ ጥቂት ፍየሎች ልጀምር ነው። ከአሁኑ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በካውንቲህ ወዳለው የግብርና ሚኒስቴር ቢሮ ሂድና የእርሻ ቁጥር፣ ማለትም እርሻህ በቢሮው መዝገብ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ አውጣ። መታወቂያህን፣ የታክስ ቁጥርህንና የኪራይ ውልህን ያዝ። ክፍያ የለውም። ከዚያ የተወለደውን፣ የሞተውንና የተሸጠውን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፍ። በ2020 ቢሮው የጠየቀው በእንዲህ ያለ ቀን ስንት ራስ ነበረህ ብሎ ነው።