የሕግ ምክር፦ የማላውቃት ሴት ፎቶ ለመጨረሻው ዙር አለፈልኝ፤ ቅጹን ሞልቼ ልላክ?

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ፎቶ አነሳለሁ። በኢንተርኔት በሚካሄድ የአማተሮች የፎቶ ውድድር እየተሳተፍኩ ነው። ለ30 ቀናት፣ በየቀኑ አንድ የማላውቀውን ሰው መንገድ ላይ ሳይዘጋጅ፣ እንዳለ ማንሳት ነው። በ17ኛው ቀን አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠች ሴት አነሳሁ። ፎቶው በጣም ተወደደ፤ ለመጨረሻው ዙርም አለፈ። አዘጋጆቹ አሁን የሚሞላ ቅጽ ልከውልኛል። ለመሆኑ ሰውን ሳያውቅ በአደባባይ ፎቶ ማንሳት ይቻላል? ደግሞስ አንድ ሰው «አውርደው» ቢለኝ የማውረድ ግዴታ አለብኝ? ከምስጋና ጋር።

መልስ፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ አጭር መልስ ስላለው እሱን ላስቀድም። በብዙ አገሮች ሕዝብ በሚተላለፍበት ቦታ ሰው ማንሳት በራሱ አያስጠይቅም። በሁሉም አገር ግን እንደዚያ አይደለም። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፍትሐ ብሔር ሕጓ፣ ለማንሳቱም ለመጠቀሙም የሰውየውን ፈቃድ ትጠይቃለች። ሌሎች ማንሳቱን ትተው ማሳየቱን ይቆጣጠራሉ። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27፣ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ፎቶ አንዱ ነው። አንዲት ሴት ቁጭ ብላ አውቶቡስ መጠበቋ ከዚያ ይቆጠራል? ጥሩ ጠበቃ በሁለቱም ወገን ሊከራከርበት ይችላል።

አንተ ግን የት አገር እንዳለህ አልነገርከኝም። አዘጋጆቹ የት እንዳሉም አልጻፍክም። ፎቶው በአንድ አገር ተነስቶ፣ በሌላ አገር ታይቶ፣ ውሉ በሦስተኛ አገር ሕግ ሊዳኝ ይችላል። ስለዚህ ያለህበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳታማክር የእኔን መልስ እንደ ፈቃድ ወረቀት አትያዘው።

አሁን ወደ ሁለተኛው። «አንድ ሰው አውርደው ቢለኝ» ብለሃል። «ቢለኝ» ነው ያልከው። በዚህ ሥራ ብዙ ደብዳቤ አንብቤአለሁ። ማንም ምንም ሳይለው ይህን የሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሴትየዋ ጽፋልሃለች መሰለኝ። ወይም እህቷ፣ ወይም አብራት የምትሠራ ሰው። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን ነገሩን ለሚወክልህ ጠበቃ እንዳትደብቅ። ያ መልእክት የደረሰበት ቀን ጉዳይህን ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚያ ቀን በፊት «ቅር እንደሚላት አላወቅኩም» ብትል ሰው ይሰማሃል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ፎቶው የቆየው እያወቅህ ነው። ዳኛም እንደዚያ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር ልቆጣህ። ፎቶውን ሰው እንደወደደው ነገርከኝ። ለመጨረሻው ዙር እንዳለፈም ነገርከኝ። እሷ አይታው ምን እንዳለች ግን በደብዳቤህ ውስጥ የለም።

ከፎቶው ሥር ምን እንደጻፍክም አልነገርከኝም። አንገቷን የደፋችን ሴት ፎቶ ያለ አንዳች ጽሑፍ የሚለጥፍ ሰው ብዙ የለም። «ተስፋ የቆረጠች»፣ «የተከዳች» ብለህ ይሆን? እንደዚያ ከሆነ ስለ ሕይወቷ የማታውቀውን ነገር ለብዙ ሰው አውርተሃል። ምናልባት እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ምናልባት ስልኳን እያየች ነበር። ፎቶው ብቻውን የማያስከስስበት አገር እንኳ፣ ጽሑፉ የስም ማጥፋት ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ጽሑፉን ዛሬውኑ እንደገና አንብበው።

«ፎቶው እኮ የሚያዋርድ አይደለም» እንደምትለኝ እገምታለሁ። በካናዳ ኩቤክ ግዛት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ሕንጻ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሳታውቅ ተነሳች። ፎቶው አንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ወጣ። ነውር ነገር አልነበረበትም። ጓደኞቿ ግን ሳቁባትና ከሰሰች። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረደላት፤ 2,000 ዶላር ካሳም ጸናላት። የተሸጠው የመጽሔቱ ቅጂ 722 ብቻ ነበር። ያንተን ፎቶ ስንት ሰው እንዳየው አንተው ታውቃለህ።

«አማተር ነኝ፣ ሳንቲም አላገኘሁበትም» የሚለውም ሁልጊዜ አያድንም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የአንዲት ስዊድናዊት በጎ ፈቃደኛ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረች። ስለ ባልደረቦቿ በራሷ ድረ ገጽ ላይ ጻፈች። ፍርድ ቤቱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት እንደ ግል ወይም እንደ ቤት ጉዳይ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ ይነካታል አለ። ያተረፈችው ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ በአጭሩ ያለፍኩት ለቅጹ ጊዜ ልተው ብዬ ነው። አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈኸዋል። እኔን ግን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ፎቶ አንሺዎች ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ስታነሳ አንድ ነገር አደረግህ። ስትለጥፍ ሁለተኛ ነገር አደረግህ። እነዚህ ሁለቱ በአንተና በሴትየዋ መካከል ናቸው። ቅጹን ስትፈርም ደግሞ ከአዘጋጆቹ ጋር ውል ትገባለህ። ሕጉ ባይነካህ እንኳ ውሉ ሊይዝህ ይችላል። ብዙ ልጆች የሕጉን ጥያቄ ሲያጠኑ ከርመው ውሉን ሳያነቡት ይፈርማሉ። አንዳንዱማ ወረቀትም አይደለም። «እስማማለሁ» የምትል ትንሽ ሳጥን ናት። እሷን መንካት በብዙ አገር እንደ ፊርማ ይቆጠራል።

የአንተን ቅጽ አላየሁትም። እንዲህ ያሉ ቅጾች ግን ይመሳሰላሉ። «ፎቶው የራሴ ሥራ ነው» የሚል መስመር ታገኛለህ፤ እሱ አያሰጋህም። ከሥሩ «በፎቶው ላይ የሚታዩት ሰዎች ሁሉ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል» የሚል አለ። እዚህ ጋ ቁም። ሳታውቅ የተነሳች ሴት መቼ ፈቀደች? ውድድሩ «ሰው ሳያውቅ አንሱ» ብሎ ይጠራሃል፤ መጨረሻ ላይ «ፈቅዷል ብለህ ፈርም» ይልሃል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ከሌላ ውድድር ገልብጦት፣ ሁለቱ እንደማይገጣጠሙ ሳያስተውል ቀርቶ ይሆናል። ፊርማው ግን ያንተ ነው። ቀጥሎ፣ ብዙ ጊዜ ረጅምና አሰልቺ አንቀጽ ውስጥ፣ «በፎቶው ምክንያት ክስ ቢነሳ ካሳውንም የጠበቃ ወጪውንም እኔ እሸፍናለሁ» የሚል ታገኛለህ።

ሁለቱ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሆን ላሳይህ። ሴትየዋ አንተን ትታ አዘጋጆቹን ከሰሰች እንበል። ገንዘብ ያለው እነሱ ጋ ነዋ። አዘጋጆቹ ያንተን ወረቀት ያወጣሉ። «ፈቃድ አለኝ ብሎ አረጋግጦልናል፤ ወጪውንም እችላለሁ ብሏል» ይላሉ። እሷ ስምህን እንኳ ሳታነሳ ዕዳው አንተ ቤት ሊገባ ይችላል። ሽልማቱ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ የወጪው ጣሪያ እንዲህ ባለ ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የሸላሚው ግዴታ በቁጥር ይቀመጣል፤ ያንተ ግዴታ ግን ቁጥር አይኖረውም።

ገና አላበቃም። «አዘጋጆቹና አጋሮቻቸው ፎቶውን ለማንኛውም ዓላማ፣ ያለ ጊዜ ገደብ፣ ያለ ክፍያ መጠቀም ይችላሉ» የሚል ካለ ደግሞ ልብ በል። አጋሮቻቸው የሚባሉት ስፖንሰሮች ናቸው። ስፖንሰር ዕቃ ይሸጣል። የሴትየዋ ፎቶ አንድ ቀን የባንክ ወይም የመድኃኒት ማስታወቂያ ላይ ቢወጣ፣ «ሥነ ጥበብ ነው» የሚለው መከላከያህ አብሮህ አይሄድም።

የኒው ዮርክ ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንድ የዱቄት ፋብሪካ የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶ ያለበት 25,000 ያህል ማስታወቂያ ያለ ፈቃዷ አሳተመ። ከሰሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ተረታች። ሰዉ ተቆጣ። በዓመቱ በ1903 ግዛቲቱ የሰውን ምስል ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ለማስታወቂያና ለንግድ መጠቀምን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ሕግ ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሺያ የተባለው ታዋቂ ፎቶ አንሺ ተከሰሰ። ታይምስ ስኩዌር ላይ አላፊ አግዳሚውን ሳያውቅ አንስቶ፣ ፎቶዎቹን በሺዎች ዶላር ሸጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍርድ ቤቱ ሥራው ሥነ ጥበብ ነው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ክሱ ዘግይቶ መቅረቡም ከሳሹን ጎድቶታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ፎቶው ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ይከለክላል፣ ሥነ ጥበብ ሲሆን ግን አለፈው። ለውጡን ያመጣው ፎቶው የዋለበት ቦታ ነው። አንተ በዚያ ቅጽ የምትሰጠው ደግሞ ይህንኑ የመወሰን ሥልጣን ነው።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ። ከቅጹ ጋር ሌላ ወረቀት ይኖራል ብዬ እፈራለሁ። የተነሳው ሰው ስም፣ ቀንና ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት። ምናልባት ጓደኛህ «አንተው ፈርምላት፣ ማን ያያል?» ብሎህ ይሆናል። በፍጹም! አታድርገው። አንድ ደንበኛዬ አድርጎታል። እሱም እንዳንተ ወጣት ነበር፤ እሱም ለመጨረሻው ዙር አልፎ ነበር። ፎቶው ብቻ ቢሆን በይቅርታና በማውረድ ያልቅ ነበር። የተነሳው ሰው በቁጣ ሳይሆን በሐዘን ነበር የመጣው። የራሱን ስም፣ ያልፈረመው ፊርማ ተደርጎበት ሲያይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጉዳዩ ከካሳ ወጥቶ ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ሄደ። ያ ወንጀል ነው። ይቅርታ የሚጠየቀው ሰውም ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ይህን ወረቀት ሞልተህ ከሆነ፣ ግን ገና ካልላክኸው፣ አትላከው። ልከኸው ከሆነ ለአዘጋጆቹ አንዲት ቃል ከመጻፍህ በፊት ጠበቃ ጋ ሂድ። ዛሬ።

ካልሆነ፣ እንዲህ አድርግ። ፎቶውን ለጊዜው ከገጽህ አውርድ። ማውረድ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ጊዜ መግዛት ነው። አዘጋጆቹም ለጊዜው እንዳያሳዩት በጽሑፍ ጠይቅ። ዋናውን ፋይል ግን አታጥፋ። ቀኑና ሰዓቱ በውስጡ አለ። የደረሰህን መልእክትም አትሰርዝ፤ ስክሪንሹት አንሳው። ብዙዎች ደንግጠው ሁሉንም ይጠርጋሉ፤ ከዚያ የሚረዳቸውም ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ሴትየዋ ጽፋልህ ከሆነ መልስ ስጣት። አጭርና ሰው የጻፈው ይሁን። ማን እንደሆንክ፣ ፎቶው የት እንዳለ፣ ለጊዜው እንዳወረድከው ንገራት። ፈቃድ ብትጠይቃት አያስነውርም። እምቢ ካለች ግን አትከራከራት፤ ስለ መብትህም አታስተምራት። በመልእክት ገንዘብ አታቅርብላት። የገንዘብ ጉዳይ ካለ በጠበቃ በኩል ይሁን። እሺ ካለችም «ይቻላል» የሚል አንድ ቃል አይበቃህም። ፎቶው ለየትኛው ውድድር፣ የት፣ እስከ መቼ እንደሚታይ፣ ስፖንሰሮችም ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ አውቃ የፈረመችበት ጽሑፍ ያስፈልግሃል።

ለአዘጋጆቹም እውነቱን ጻፍ። «የሴትየዋ የጽሑፍ ፈቃድ የለኝም። ያለ እሱ ፎቶዬን ትቀበላላችሁ? የማስታወቂያ አጠቃቀሙን አንቀጽ ማውጣት ይቻላል?» በል። መልሳቸውን በጽሑፍ ተቀበል። በስልክ «ችግር የለም» ቢሉህ፣ ያሉትን ዘርዝረህ በኢሜይል መልሰህ ላክላቸው። ብዙ አዘጋጆች ሲነገራቸው ይረዳሉ። ካልተረዱ ከቀሪዎቹ 29 ፎቶዎች ውስጥ ፊት የማይለይበትን መርጠህ በምትኩ እንዲቀበሉህ ጠይቅ። እግረ መንገድህን 29ኙንም እያቸው። ሕፃን ያለበት፣ ወይም ሐኪም ቤት በር ላይ ወይም ለቅሶ ላይ ያለ ሰው የተነሳበት ካለ ለብቻ አስቀምጠውና ለጠበቃህ አሳየው።

ጠበቃ ጋ ስትሄድ የውድድሩን ሙሉ ደንብ፣ ቅጹን፣ ፎቶውን ከነጽሑፉ፣ የተለጠፈበትን ቀንና የመልእክት ልውውጡን ሁሉ ይዘህ ሂድ። ደንቡን አሁኑኑ አስቀምጥ፤ በመሃል ሊለወጥ ይችላል። ቅጹ የመመለሻ ቀን ይኖረዋል። ያንን ቀን ስላልነገርከኝ ቸኩያለሁ። ነገ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ዛሬ ማታ ለአዘጋጆቹ የጥቂት ቀን ማራዘሚያ ጠይቅ።