ኮምፒውተርን ከፕላዝማ ቴሌቪዥን ጋር ያለ አደጋ ስለማገናኘት፦ ጥያቄና መልስ

የፕላዝማ ቴሌቪዥን ምርት ከቆመ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፓናሶኒክ በ2013፣ ሳምሰንግና ኤልጂ ደግሞ በ2014 ሥራውን ዘግተዋል። ሆኖም ጥቁር ቀለምን ለፊልም በሚስማማ መልኩ በደንብ ስለሚያሳይ በመሀል ከተማ ባሉ ሳሎኖች ዛሬም ሲሠራ አየዋለሁ። ቦርዱ ከተቃጠለ ምትኩን ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልስ የምሰጠው ከጥንቃቄው ጀምሬ ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምፒውተሬን ከኋላ በኩል ስነካው ይነዝረኛል። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳስጠጋም ብልጭታ አየሁ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ኧርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ እነዚህም ከፌዝና ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣውና ከሚመልሰው ሽቦ) ወደ ብረቱ ኬዝ የተያያዙ ሲሆኑ፣ የሚያሾልኩትን ጥቂት ኤሌክትሪክ የኧርዝ ሽቦው ወደ መሬት መውሰድ አለበት። ሽቦው ከሌለ ኬዙ የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት ይዞ ይቆያል። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከአንድ ሚሊአምፔር ስለሚያንስ ሰውን ነዝሮ ይተወዋል፤ የኤችዲኤምአይ ቺፕ ግን ይህን አይችልም። በሌላ በኩል ቴሌቪዥኑ ከዲሹ ገመድ ጋር ተያይዟል፤ የገመዱ ውጫዊ ብረት ከዲሹ ጋር፣ የዲሹ ምሰሶ ደግሞ በዝናብ ከረጠበ ጣሪያ ጋር ስለሚገናኝ ቴሌቪዥኑ ሳናስበው መሬት ያገኛል። እርስዎ በእጅዎ የያዙት ገመድ ሁለቱን ሊያገናኝ ሲል ነው ብልጭ ያለው።

ስለዚህ የኮምፒውተሩንም የቴሌቪዥኑንም ሶኬት ከግድግዳ ይንቀሉ፤ በማብሪያ ማጥፊያው ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከዚያ የኤችዲኤምአይና የዲሹን ገመዶች ይሰኩና ሁለቱንም መሣሪያዎች ኧርዝ ካለው አንድ ዲቫይደር ላይ ያብሩ። ንዝረቱ ከዚህ በኋላ ካልቀረ፣ ወይም ጠንከር ብሎ የሚያም ከሆነ፣ የተላጠ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው አይጠቀሙበት።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ የቤቴ ሶኬት ላይና ታች የብረት ጆሮ አለው። ኧርዝ አለው ብዬ ልተማመን?

መልስ፦ በጆሮው ብቻ አይተማመኑ። በአራት ኪሎ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ የከፈትኩት ሶኬት ጆሮዎቹ የሚያብረቀርቁ ነበሩ፤ ከኋላ ግን አንድም ሽቦ አልታሰረባቸውም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢለካልዎ ከፌዝ ወደ ኧርዝ ወደ 220 ቮልት፣ ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ደግሞ ጥቂት ቮልት ብቻ ማንበብ አለበት። አንዳንድ ሠራተኛ ኒውትራሉን ከጆሮው ጋር አስሮ «ኧርዝ ሠርቻለሁ» ይላል፤ ይህን ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት ኬዙ ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማልና። ርካሽ ዲቫይደሮችም የኧርዝ ሽቦ የሌላቸው ስለሚበዙ፣ ሲገዙ ይህንኑ ያስለኩ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ኮምፒውተሩን ካገናኘሁ ወዲህ ቴሌቪዥኑ እንደ ንብ ይጮኻል፤ ነጭ ገጽ ስከፍት ይብሳል። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው?

መልስ፦ ኮምፒውተሩን አይውቀሱት፤ የከፍታችን ነገር ነው። በፕላዝማው ሁለት መስታወቶች መካከል ያለው ጋዝ ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ በመሆኑ፣ የውጭው አየር መስታወቶቹን እርስ በርስ አጣብቆ ይይዛቸዋል። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ አየሩ የሚጫነው በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ መስታወቱ ላላ ሲል ይርገበገብና ድምፅ ያሰማል። ማያው ሲደምቅ ብዙ ኃይል ስለሚያልፍበት ጩኸቱ ይጨምራል፤ የኮምፒውተር ገጽ ደግሞ ከፊልም ይልቅ ነጭ ይበዛዋል። ኮንትራስቱን ዝቅ ያድርጉ፤ የዊንዶውሱንም ገጽታ ጥቁር ያድርጉት።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ከዊንዶውስ በታች ያለው አሞሌ በማያው ላይ ታትሞ ይቀራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በፕላዝማ ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ፎስፈር (ብርሃን በሚሰጥ ቅብ) ያበራል፤ አንድ ምስል ለብዙ ሰዓት ከቆመ የዚያ ቦታ ፎስፈር ከጎረቤቱ ቀድሞ ያረጅና ጥላው ይታያል። አሞሌውን ራሱን እንዲደብቅ ያድርጉት፤ ማያውም ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ ይወስኑ። ፊልሙን አቁመው ቡና ለማፍላት ሲነሱ የቆመው ምስል ማያው ላይ እንዳይቀር ያጥፉት፤ ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ ሰዓቱ ይሄዳል። የዜና ጣቢያ አርማም ያው ጉዳት አለው።

ጥያቄ (ከዚያው ሰፈር)፦ የማያዬ ጠርዝ ተቆርጦ ይታየኛል፤ ጽሑፉም ይደበዝዛል።

መልስ፦ የቴሌቪዥኑን የምስል መጠን ቅንብር «ኦቨርስካን ጠፍቷል» ወደሚለው ይለውጡት፤ ኦቨርስካን ምስሉን አስፍቶ ጠርዙን የሚቆርጠው ነው። ከዚህ በኋላም ከደበዘዘ የማያውን የነጥብ ብዛት ያጣሩ፤ ብዙ ባለ 42 ኢንች ፕላዝማዎች 1024 በ768 ብቻ ስላላቸው 1920 በ1080 ሲላክላቸው ጽሑፉን ይጨፈልቁታል። ለእነዚህ 1280 በ720 ይሻላል።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ ድምፁን ወደ አምፕሊፋየር ስወስደው ያጉረመርማል።

መልስ፦ በኦፕቲካል ገመድ ይውሰዱት፤ በብርሃን ስለሚሠራ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል የኤሌክትሪክ ግንኙነት አይኖርም፣ ማጉረምረሙም ይቀራል። የአምፕሊፋየሩን ኧርዝ መቁረጥ ግን መፍትሔ አይደለም።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ከፍቼ አቧራውን ላጽዳ?

መልስ፦ አይክፈቱት። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ነቅለው፣ በጀርባው ቀዳዳዎች በኩል ያለውን አቧራ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከውጭ ይጥረጉ።