ማንጎ የሚሸተው ኒኮቲን፦ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች

የማራኪ ካምፓስ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ስለ ቬፕ (በባትሪ ስለሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) «እንፋሎት ብቻ ነው፣ ትምባሆ የለበትም» ይላሉ። እውነት ነው?

የትምባሆ ቅጠል የለበትም፤ እንፋሎት ብቻ ነው ማለታቸው ግን ስህተት ነው። ዕቃው ቢፈታ ባትሪ፣ ፈሳሽ የጠጣ ጥጥና ቀጭን የተጠማዘዘ ሽቦ ይወጣዋል። ስትስበው ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹም ይተናል። ፈሳሹ ፕሮፕሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ሲጋራ ውስጥም ያለው ሱስ አስያዥ ኒኮቲን ነው። ጥጡ ደርቆ ሽቦው ከልክ በላይ ሲግል ደግሞ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ካንሰር አምጪ ነገር ይፈጠራል፤ ያ ጉሮሮ የሚቧጥጥ የማረር ጣዕም ምልክቱ ነው።

ከሁሉ በፊት መለያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። «5%» ከተባለ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ ማለት ነው። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ 500 ሚሊ ግራም። ሁሉም ሰውነት ውስጥ አይገባም፤ ቢሆንም ከአንድ ሲጋራ ወደ ደም የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም መሆኑን አስታውስና አወዳድር። ሲጋራ ደግሞ ተጭሶ ያልቃል፤ ቬፕ ስንት ጊዜ እንደሳብከው እንኳ አይታወቅህም። እኛን አብዝቶ የሚያሳስበን ግን ልስላሴው ነው። ኒኮቲኑ ከአሲድ ጋር ተዋህዶ ጨው ስለሚሆን ጉሮሮ አይከረክርም። ሲጋራ አስሎት የተወ ልጅ ይህን ምንም ሳይሰማው ይስበዋል።

ከአዘዞ ነው የምጽፈው። የ16 ዓመት ልጄ ቦርሳ ውስጥ ፍላሽ የሚመስል፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት ነገር አገኘሁ። ምን ላድርግ?

ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ብረት አለው። ያገኙት ዕቃ ብረቱ ከሌለው፣ ባንዱ ጫፍ ጠፍጠፍ ያለ የአፍ መያዣና ቀዳዳ፣ በሌላው የቻርጀር መሰኪያ ካለው ቬፕ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ መጀመሪያ ያርቁት፤ ትንሽ ፈሳሽም ቢሆን ለሕፃን መርዝ ነው። ቆዳው ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቀው በብዙ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። ከዋጠ አያስመልሱት፤ ዕቃውን ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ።

ልጅዎን ለብቻው ያናግሩት እንጂ ጎረቤት ፊት አያዋርዱት። ከጮሁበት መደበቂያ ይቀይራል። «ጠዋት ከነቃህ ከስንት ደቂቃ በኋላ ትስባለህ?» ብለው ይጠይቁት። ከ30 ደቂቃ በታች ካለ ሱሱ ጠንክሯልና ሐኪም ጋ አብረውት ይሂዱ።

ከንፈር ሥር የሚደረገው ነጭ የኒኮቲን ከረጢትስ?

ጭስ የለውም፣ ኒኮቲኑ ግን በድድ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ልብ ያስመታል፣ ድድ ያስቆጣል፣ ሱስም ያስይዛል።

ፒያሳ ካፌ አለኝ። ወጣቶቹ ሺሻና ቬፕ ይጠይቁኛል፤ ሺሻውን ውሃው ያጣራዋል ይባላል።

እባክዎ አያቅርቡ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሁለቱንም ሽያጭ ይከለክላል። ውሃውም ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ እንዳለ ያልፋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሺሻ የሚያጨሱ ሰዎች ራስ አዙሯቸው የሚወድቁት ለዚህ ነው።

ቬፕ ለመተው ስሞክር በሁለተኛው ቀን እሸነፋለሁ።

የተሸነፍከው ስለሰነፍክ አይደለም። ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የሐሳብ መበታተኑ ከሁሉ የሚከፋው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በሁለት፣ በአራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ የምትተውበትን ቀን ስትመርጥ እነዚያ ሁለት ቀናት ፈተና ላይ እንዳይውሉ አስላ። አንድ ጊዜ የመጣ አምሮት አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃዎች ነው የሚቆየው። ኪስህ ውስጥ ቆሎ ያዝ፤ ሲመጣብህ ቆርጠም እያደረግህ ተነስና ግንቡን ዞረህ ና። የምትስበው ጫት ላይ ከሆነ ቬፑን ብቻ ትቶ በርጫው ላይ መቀመጥ አይሳካም፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ከዚያ ቤት ራቅ።

ዕቃውን ለጓደኛ አትስጥ፣ ከቆሻሻ ጋርም አታቃጥለው። ውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ እሳት ውስጥ ይፈነዳል።