ደላላውን ዘለው ሲገበያዩ

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ ጠጋኞችን ከደንበኞች የሚያገናኝ መተግበሪያ አለኝ። ከእያንዳንዱ ሥራ 15 በመቶ ኮሚሽን እቆርጣለሁ። ነገር ግን ደንበኛና ባለሙያ አንዴ ከተገናኙ ስልክ ይለዋወጡና በዚያው ይቀራሉ። ቁጥራቸውን ብደብቅስ?

መልስ፦ አያዋጣዎትም። ባለሙያው ደንበኛው ቤት ገብቶ ነው የሚሠራው፤ ቁጥሩን እዚያው ይሰጠዋል። ይልቅ የሚሸሹበትን ምክንያት ይዩ። በመጀመሪያው ሥራ ገዢ አምጥተዋል፤ 15 በመቶው ይገባዎታል። በአምስተኛው ግን ሁለቱ ይተዋወቃሉ፤ ያንኑ ያህል የሚከፍሉበት ምክንያት አይታያቸውም። ስለዚህ ከዚያው ደንበኛ ጋር ለሚደገም ሥራ ኮሚሽኑን ወደ 3 ወይም 5 በመቶ ያውርዱት። ፍሪላንስ ባለሙያዎችን ከአሠሪዎች በኢንተርኔት የሚያገናኘው አፕወርክም እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2023 ከአንድ ደንበኛ የሚገኘው ገቢ ባደገ ቁጥር ኮሚሽኑን ከ20 ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 5 በመቶ ይቀንስ ነበር።

ቅናሽ ብቻውን ግን አያስቀራቸውም። ውጪ የማያገኙትን ነገር ይስጧቸው፤ በእኛ እምነት ትልቁ የገንዘብ አደራ ነው። በቻይናው የኢንተርኔት ገበያ በታኦባኦ ገዢው ዕቃ ሳያይ መክፈል፣ ሻጩም ሳይከፈለው መላክ ይፈራ ነበር፤ የክፍያ አገልግሎቱ አሊፔይ ገንዘቡን መሃል ላይ ይዞ ዕቃው ሲደርስ መልቀቁ ፍርሃቱን አቀለለው። እርስዎም ደንበኛው ሥራ ሲያዝዝ ያስከፍሉ፣ ሥራው ማለቁን ሲያረጋግጥ ይልቀቁ። ቅሬታ ሳያቀርብ 3 ቀን ካለፈ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቅ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። የረካ ደንበኛ ተመልሶ ቁልፍ የሚጫንበት ጉዳይ የለውም፤ ገንዘቡ የታሰረበት ባለሙያ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ «በእጅ ስጠኝ» ይላል። ከጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶ ማንሳትን ግዴታ ያድርጉ፤ አለዚያ ጠብ ሲነሳ የሚዳኙበት ማስረጃ አይኖርዎትም። የሰው ገንዘብ መያዝ በብዙ አገር ፈቃድ ይጠይቃልና አደራውን ፈቃድ ባለው የክፍያ ድርጅት በኩል ያድርጉት።

ጥያቄ፦ 40 ባለሙያዎች ተመዝግበውልኛል፣ ገዢ ግን ጥቂት ነው። ማስታወቂያ ልጨምር?

መልስ፦ ገና ነው። 40ዎቹ በ10 የሙያ ዘርፍ ከተበተኑ ለአንዱ የሚደርሰው 4 ሰው ነው። ሁለቱ ሥራ ላይ ቢሆኑ፣ አንዱ ሩቅ ቢሆን፣ ደንበኛው የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው። ማስታወቂያው የሚያመጣው ፈልጎ አጥቶ የሚሄድ ሰው ይሆናል፤ እሱን መልሶ ማምጣት ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በሁለት ሙያና በአንድ አካባቢ ይወሰኑ። የተመዘገበውን ሰው ብዛት ይተዉና ከ10 ጥያቄ ስንቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባለሙያ እንዳገኘ ይቁጠሩ። 8 ሲደርስ ማስታወቂያውን ይጀምሩ።