«አባቴ ሲያወራ ሰው ሰክሯል ይለዋል»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፈው ከጎንደር ማራኪ ነው። አባቴ 48 አመቱ ነው፣ ሀንቲንግተን የሚባል በዘር የሚመጣ የነርቭ በሽታ አለበት ተብሏል፣ አያቴም እንደዚሁ ሆኖ ነው ያረፈው። እጁና ትከሻው ሳያዛቸው ይወራጫሉ፣ እሱንስ ለምደነዋል፣ አሁን ግን አፉ ተሳሰረ፣ አራዳ ሰፈር ወርዶ ሲያወራ «በጠዋቱ ጠጥቶ» ይሉታል፣ ቤትም ዝም ብሏል። ጭንቅላቱም እየሄደ ነው እንዴ? ንግግሩስ ይመለሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም ስላለ አይገባውም ብለሽ እንዳታስቢ። በሽታው አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ክፍል ስለሚጎዳ ምላስ፣ ከንፈር፣ ጉሮሮና ትንፋሽ መናበብ ያቅታቸዋል፣ ድምፁ አንዴ ጮክ አንዴ ዝቅ፣ ቃሉ አንዴ ተጣድፎ አንዴ ተጎትቶ የሚወጣው ለዛ ነው። ማሰብም ቀስ በቀስ ይዳከማል፣ አልደብቅሽም፣ ግን የሚባለውን መረዳቱ ብዙ ጊዜ ከመናገሩ በላይ ይቆያል፣ መልሱ እስኪወጣ ነው ጊዜ የሚወስደው። እና እባካችሁ ቃሉን አትጨርሱለት፣ በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ ግን ሰውየውን ዝም የሚያሰኘው እሱ ነው። ቴሌቪዥኑን ዝጊና «ሻይ ነው ቡና?» ብለሽ ጠይቂው፣ ከዛ በልብሽ እስከ አስር ቁጠሪ።

ንግግሩን እንደ ድሮው የሚመልስ መድሃኒት የለም። ለመወራጨቱ የሚሰጡ አሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ያደነዝዛሉ፣ መድሃኒት ከጀመረ ወዲህ ከባሰበት ራሳችሁ ሳታቋርጡ ለሀኪሙ ንገሩት። አሁን ድምፁ እያለ ታሪኩንም ምርቃቱንም በስልክ ቅጂለት፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ህመም፣ የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ደብተርም አብራችሁ ስሩ፣ ቆይቶ መልመድ ይከብደዋል።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፣ መዋጥ። የሚናገርበት ጡንቻ የሚውጥበትም ነው። ውሃ ሲጠጣ ካሳለው ወይ ከጠጣ በኋላ ድምፁ ጉሮሮው ላይ ውሃ እንደቀረ ዓይነት እርጥብ ከሆነ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ በሽታ ብዙ ሰው የሚሞተው በሳንባ ምች ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ለሀኪም አሳዩት። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ትንሽ ትንሽ ይጎንጭ፣ ከውሃ ይልቅ እንደ አጥሚት ወፈር ያለው ሊቀለው ይችላል። ጠበሉንም አልቃወምም፣ ግን ጆጉን በአንዴ እንዳታስጨርሱት አደራ።

ያንቺን ነገር አልጠየቅሽም፣ ግን ሳታስቢው አትቀሪም። ወላጁ ያለበት ልጅ፣ ሴትም ወንድም፣ በሽታውን የሚያመጣውን ዘረመል (ጂን) የመውረስ እድሉ 50 ፐርሰንት ነው። ዘረመሉ በ1993 እ.ኤ.አ. ስለተገኘ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መመርመር አለመመርመሩ ግን ያንቺ ውሳኔ ነው፣ ከምርመራው በፊት ምክር ከሚሰጥ ባለሙያ ጋር በደንብ አውሪ፣ ማንም አያጣድፍሽ።

ለአራዳዎቹ ደግሞ እሱ ከፈቀደ አብረሽው ውረጂና በሽታ መሆኑን እሱ ባለበት ንገሪያቸው፣ የቀረውን እሱ ይናገር።