የኔ ሰው እንደ ሚስተር ቶርንተን ነው?

ጥያቄ፦ 28 ዓመቴ ነው፤ ማንቸስተር ነው የምኖረው። አባቴ አገር ቤት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ እኔም የመጣሁት ለትምህርት ነበር። እጮኛዬ ግን ብዙ ተንገላቶ ነው እዚህ የደረሰው፤ ዛሬ የራሱ የዕቃ ማመላለሻ መኪናዎች አሉት። ስንጣላ «አንቺ የምሁር ልጅ፣ ስለ ኑሮ ምን ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ጓደኞቼ ፊት ያመናጭቀኛል፤ በማግስቱ ስጦታ ይዞ ይመጣል። «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ» የሚባለውን የእንግሊዝ ድራማ ካየሁ ወዲህ፣ እሱም እንደ ባለፋብሪካው ሚስተር ቶርንተን ውስጡ ሌላ ነው እያልኩ እጽናናለሁ። በሚቀጥለው ወር ሽማግሌ ሊልክ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ድራማውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ያውም ሁለቴ። የ2004ቱ የቢቢሲ ሥራ አራት ክፍል ብቻ ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ሚልተን የምትባለዋ የጥጥ ፋብሪካ ከተማም የተቀዳችው ካንቺዋ ማንቸስተር ነው። ልብሽን ቢነካው አልፈርድብሽም።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። የድራማው ባለታሪክ ማርጋሬት፣ በኋላ የምታፈቅረውን ቶርንተንን መጀመሪያ ያየችው ሠራተኛ ሲደበድብ ነው። ጠላችው። እኛ ግን ከእሷ የበለጠ እናያለን። ቤቱ ገብተን ከእናቱ ጋር ሲያወራ እንሰማለን። ከተማውን ለቃ ስትሄድ፣ በዚያ በረዶ ቆሞ ዞራ እንድታየው በለሆሳስ ሲለምን የምንሰማው እኛ ነን። እሷማ የት ሰምታ! የወደድነው ካሜራው ስላሳየን ነው።

አንቺ ቤት ካሜራ የለም። እጮኛሽ በሩን ዘግቶ ሲወጣ የሚሰማውን የምትደርሺለት አንቺ ነሽ። ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። የራስሽን ደግነት እሱ ላይ እየለጠፍሽም ይሆናል።

ቶርንተን የአድማ መሪ የነበረው ሂጊንስ ሥራ ሊጠይቀው ሲመጣ አመናጭቆ መልሶታል። በኋላ ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ ጥፋቱን አመነ፣ ሥራም ሰጠው። የፋብሪካ ባለቤት፣ የሠራተኛ ደጃፍ ላይ! የሚታይ ለውጥ ማለት ይሄ ነው። ሽቶ ገዝቶ መምጣት ይቅርታ አይደለም።

አንቺንም ልጠይቅሽ። ቤተሰቦችሽ ስለ እሱ ሲያወሩ ምን ትያለሽ? ዝም ካልሽ፣ እሱ ዝምታሽን ንቀት ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ማርጋሬትም መጀመሪያ ለነጋዴ ንቀት ነበራት። ቶርንተን ደግሞ አባቱ ራሱን አጥፍቶ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ቤተሰቡን በልጅ ጫንቃው የተሸከመ ሰው ነው። እንዲህ ያደገ ሰው ንቀት ከሩቅ ይሸተዋል። ያም ሆኖ ሰው ፊት ለማዋረድ ፈቃድ አይሆነውም።

ረጋ ባላችሁበት ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ «ጓደኞቼ ፊት እንዲያ ስትናገረኝ አፈርኩ፤ እንዳይደገም» በይው። «አንተ ሁልጊዜ» ብለሽ ግን አትጀምሪ። ቀጥለሽ ቤተሰቦችሽ ፊት ምን እንደሚሰማው ጠይቂው፤ ሳታቋርጪ ስሚው። ዛቻ ወይም ዱላ ካለ ግን ይህ ምክር ላንቺ አይሆንም፤ አትነጋገሪ፣ መጀመሪያ ራስሽን አድኚ፤ አደጋ ካለ 999 ደውይ።

ሽማግሌውን ደግሞ ሁለት ወር እናቆየው በይው። ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ።