የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለኪልሞንገር ለምን እናዝናለን?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ብላክ ፓንተር» ከጓደኞቼ ጋር ደግመን ስናይ፣ የፊልሙ ባላንጣ ኪልሞንገር ክፉ ነው ወይስ ተበዳይ በሚለው ሳንስማማ ተለያየን። የ2022ቱ ተከታይ ፊልም ባላንጣ ኔሞርስ ይተካከለዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የኪልሞንገር ሥራ ክፉ ነው፤ የሚያነሳው ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። በለንደኑ ሙዚየም ትዕይንት፣ የቡና ኩባያ ይዛ ስለ አፍሪካ ቅርሶች የምታብራራለትን ባለሙያ፣ አያቶቿ እነዚያን ዕቃዎች በተገቢው ዋጋ ገዝተዋቸው እንደሆነ ይጠይቃታል፤ ቡናው መመረዙን የምንረዳው ጥያቄው ልባችን ከገባ በኋላ ነው። ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶቻችን ዛሬም ለንደን ውስጥ መኖራቸውን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት እንዲሁ በዋዛ አያልፈውም። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለርም ጥያቄውን ከሰውየው ጋር አልቀበሩትም፤ ጀግናው ንጉሥ ቲቻላ በጦርነቱ ቢያሸንፍም ከዓለም ተደብቃ የኖረችውን የአገሩን የዋካንዳን በር ለዓለም የከፈተው በተሸናፊው ክርክር ተረትቶ ነውና።

ኔሞርም ሕዝቡን ከወራሪ የሚጠብቅ ንጉሥ በመሆኑ ምክንያቱ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ፊልሙ ቲቻላን ሆኖ የተጫወተውንና ከዚያ በፊት ያረፈውን የተዋናዩን የቻድዊክ ቦዝማንን ሐዘን ጭምር ስለተሸከመ ለእርሱ የተረፈው ቦታ ጠቧል ባይ ነኝ። ኩግለር ሦስተኛውን ክፍል እንደሚሠሩ ተናግረዋል፤ በዚያም የጀግናውን አሳብ የሚያስለውጥ ባላንጣ እንዲያመጡልን እመኛለሁ።